ምዕራፍ አምስት፦ ክረምት፣ ስቱዲዮ ቤትና የሁለት ዓመት ልጅ

ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ቤቱ ከሁሉም በላይ የሚጠበው ለትንሹ ሰው ነው። ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸው ፊልም ያያሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ወርደው ኳስ ይለጋሉ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ግን መሄጃ የለውም። ደጁ ጭቃ ነው፣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ያስፈራል፣ ቤቱ ስቱዲዮ ነው፤ ሳሎኑም መኝታውም አንድ ክፍል። ስለዚህ ያለውን ያስሳል። የኩሽናውን መደርደሪያ ከፍቶ ድስት ከነክዳኑ ያወጣል፣ የእናቱን ቦርሳ ይዘረግፋል፣ ማንኪያ ይጥላል፤ አንስተው ሲሰጡት መልሶ ይጥላል። «ኧረ ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ነካው!» ይባልና ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ቤቱ ጸጥ ይላል።

ቴሌቪዥን በሚከፍት ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልፈልግም። ልብስ የሚታጠበው፣ ወጥ የሚሠራው በዚያች ጸጥታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ ጭራሽ አይመክርም፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ከዚያም ቢያንስ ይሻላል ይላል። በዚያው መመሪያ መሠረት በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ውስጥ ተደማምሮ ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት። ሦስት ሰዓት፣ በስቱዲዮ ውስጥ! መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ሐምሌን በኮንዶሚኒየም ያሳለፉ አይመስሉም። ደግነቱ ቁጥሩ የሚያስደነግጠውን ያህል አይከብድም። ልጁ ድስት ሲያወጣና ሲያስገባ፣ ካርቶን ሲገፋ፣ ፍራሽ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ያጠፋው ጊዜ ሁሉ ይታሰብለታል።

ማንኪያ የሚጥልን ልጅ በቁም ነገር ካዩት ሰዎች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነበር። ፒያዤ የሦስት ልጆቹን የዣክሊንን፣ የሉሲየንንና የሎራንን ውሎ እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። ሎራን አሥረኛ ወሩን እንዳለፈ በጀርባው ተኝቶ፣ ከሴሉሎይድ የተሠራች የወፍ አሻንጉሊትም ሆነ ትንሽ ሳጥን፣ እጁ የገባውን ሁሉ ክንዱን ዘርግቶ መልቀቅ ጀመረ። አባትየው ልብ ያለው ክንዱ በየጊዜው ቦታ መቀየሩን ነው። አንዴ ቀጥ ያደርገዋል፣ አንዴ ያዘነብለዋል፣ አንዴ ከዓይኑ ፊት አንዴ ከኋላው ይወስደዋል። ዕቃው ያልጠበቀው ቦታ፣ ለምሳሌ ትራሱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ እዚያው ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥለውና ወደ ሌላ አጣጣል ያልፋል። ኩሽናችን ውስጥ ማንኪያ የሚወረውረውም ልጅ ሊያበሳጨን ብሎ አይደለም። ድምፁ፣ ማረፊያው፣ የእኛም ፊት መለዋወጡ ይመረመራል። የእኛ ፊት ከሁሉ ይበልጥ የሚያጓጓ ይመስለኛል።

በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ጨዋታዎች ሁሉ የተመረጡት ከዚህ ተነስቶ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ የሚወደው መሥራቱን ነው፤ ተሠርቶ ስለሚወጣው ነገር ግድ የለውም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የወረቀት ቢራቢሮ የሚያስደስተው እናትን ነው፣ ብዙውን ጊዜ የምትሠራውም እሷው ናት፤ ልጁ ሙጫውን ነክቶ ይሄዳል። የእሱ ፍላጎት ማውጣት፣ ማስገባት፣ ማፍሰስ፣ መቅደድ፣ መሸከም፣ መደበቅ፣ መክደንና መክፈት ነው። ለእነዚህ የሚሆን ዕቃ የሌለበት ቤት አላየሁም።

ቀላሉ ማስገባት ነው። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውሰዱና የፕላስቲክ ክዳኑን መሃሉን ሰፋ ባለ ክብ ቁረጡ። የጣሳው አፍ ስለት ካለው በፕላስተር ደጋግማችሁ ዙሩበት። ከዚያ የተጠቀለለ ካልሲ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ሰፊ ክዳን አቅርቡለት። ያስገባል፣ ይደፋል፣ እንደገና ያስገባል። ዓመት ከጥቂት ወር ለሆነው ይህ ብቻ ይበቃዋል። ሲሰለቸው በሌላ ክዳን ላይ ቀጭን ሽንቁር ቅደዱና ከካርቶን የተቆረጡ ካርዶች ስጡት። አሁን ነገሩ ከበደ፤ ካርዱ በአግድም አይገባም፣ የእጅ አንጓ መዞር አለበት። ልጁ ይገፋል፣ ጣሳውን ይመታል፣ ይናደዳል። የትልቅ ሰው እጅ የሚያሳክከው እዚህ ላይ ነው። እጃችሁን ሰብስቡ። ግራ የገባው ልጅ ዓይናችሁን ሲፈልግ ብቻ አንዱን ካርድ ወስዳችሁ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትናገሩ፣ አንዴ አሳዩትና መልሱለት። ካርዱ የገባለት ቀን ጣሳውን ይዞ ሲዞር ይውላል።

በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ሌሎች ብዙ ናቸው። የእንቁላል ትሪ ጉድጓዶች ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት ይቀመጣል። የጫማ ካርቶን ክዳን ተበስቶ ነጠላ ወይም የቆየ ሻርፕ ይታለፍበትና ልጁ ይስበዋል፤ ጨርቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ገመድና ሲባጎ አይሁን፣ አንገት ላይ ይጠመጠማልና። ያረጀ ጋዜጣ መቅደድ ራሱ ጨዋታ ነው። ለሁለት ጣት ጥሩ ሥራ ነው፤ የተቀደደውን ከረጢት ውስጥ ከቶ መሸከም ደግሞ ለእግር። ሃይላንድ ጥቂት ውሃ፣ ጥቂት ዘይትና ቁንጥር እርድ ተደርጎበት ክዳኑ በጠንካራ ሙጫ ከታሸገ ልጁ እየናጠ የሚያየው ነገር ይሆናል። ስለ ሃይላንድ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው። ልጁ በሃይላንድ እንዲጫወት ከፈቀዳችሁ በእሱ ዓይን ሃይላንድ ሁሉ መጫወቻ ነው። በረኪናው መጀመሪያ ከገዛችሁበት ዕቃ አይውጣ፤ እሱም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆለፍበት።

«ትንሽ ዕቃ ለልጅ አትስጡ» ሲባል ምን ያህል ትንሽ? የአሜሪካ የአሻንጉሊት ደንብ ለዚህ መለኪያ አለው፤ ወርዱ 31.7 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የተሠራ አሻንጉሊት ወይም ከእሱ የተሰበረ ቁራጭ ሲሊንደሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ ለገበያ አይቀርብም። ለቤት የሚሆነው ከዚህም ጠንቀቅ ያለ ነው። ያለቀ ሶፍት መሃል ያለው የካርቶን ቱቦ ወርዱ አራት ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ የሚያልፍ ሁሉ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም በሉ። ቆርኪ ያልፋል። የሃይላንድ ክዳን ያልፋል። የልብስ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ሽንብራ ያልፋሉ። ጥራጥሬ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ የተከተተች ሽንብራ እርጥበት ስታገኝ ታብጣለች። የተቀደደ ፊኛ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል። ከሁሉ የከፋችው ሪሞትና አንዳንድ አሻንጉሊት ውስጥ የምትገባው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ባትሪ ናት፤ የምግብ ቧንቧ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ልጁ መዋጡን ከጠረጠራችሁ እስኪያስመልሰው ወይም ከሰገራው ጋር እስኪወጣ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣው ሻንጣ ሲከፈት ለልጁ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የሚዘፍን፣ የሚያበራና የሚሽከረከር ነገር ነው። የላከችው አክስት በስስት ነው የመረጠችው፤ እግዜር ይስጣት። ነገር ግን አሻንጉሊቱ ራሱ ይጫወታል፣ ልጁ ያያል። ባትሪው ሲያልቅ ከሁለቱ ሥራ የሚፈታው አሻንጉሊቱ ነው። ልጁ ወደ ካርቶኑ ይገባል።

ብዛትም ራሱ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 36 ሕፃናትን አንዴ አራት አሻንጉሊት ባለበት ክፍል፣ ሌላ ጊዜ አሥራ ስድስት ባለበት ክፍል እንዲጫወቱ አድርጎ ተመለከተ። አራት ብቻ ሲኖር ልጆቹ በአንዱ ዕቃ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፣ በብዙ ዓይነት መንገድም ተጠቀሙበት። አሥራ ስድስት ሲሆን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘሉ ነበር። ጠባብ ቤት ላለው ሰው ከዚህ የሚሻል የምሥራች የለም። ያለውን ሁሉ በፌስታል አስራችሁ አልጋ ሥር አስቀምጡና ሦስት አራቱን ብቻ አውጡ፤ በሳምንቱ ለውጡ። ተሰውሮ የከረመ ጣሳ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው።

ከባዶ ጠርሙስና ከካርቶን የተሠራ መጫወቻ ምን ያህል ሊያስኬድ እንደሚችል ያሳየችን ጃማይካ ናት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሳሊ ግራንተም-ማክግሬገር የምትመራው የተመራማሪዎች ቡድን ከኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸውን 129 የቀነጨሩ ሕፃናት መረጠ። ልጆቹ በየቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ተጨማሪ ምግብ አገኘ። ሌላው በየሳምንቱ የአንድ ሰዓት የቤት ለቤት ጉብኝት ተደረገለት። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፣ አራተኛው አንዱንም አላገኘም። ጎብኚዎቹ የሰፈር የጤና ረዳቶች ነበሩ እንጂ ፕሮፌሰሮች አልነበሩም። በየቤቱ እየሄዱ እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት፣ እየተጫወተች እንዴት እንደምታወራው ያሳያሉ። ከወዳደቀ ነገር የተሠራውን መጫወቻ እዚያው ትተው ይወጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ይለውጡታል። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ልጆቹን ፈልገው አገኟቸው። የኖቤል ተሸላሚው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጄምስ ሄክማን ያለበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በልጅነታቸው የጨዋታ ጉብኝት የተደረገላቸው ወጣቶች ጉብኝቱ ካልደረሳቸው ይልቅ ገቢያቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ተጨማሪ ምግብ ብቻ ያገኙት ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው ለውጥ አልታየም። ምግብ አያስፈልግም ማለት እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው፤ የራበው ልጅ ጣሳም አያስደስተውም። ነገር ግን ሀብታም አገር ውስጥ በተመቻቸ መዋዕለ ሕፃናት ብቻ ይሠራል ሲባል የኖረ ነገር በድሃ ሰፈር፣ በጭቃ ደጃፍ፣ በባዶ ጠርሙስ ሠራ። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው እንዳገኘ ለሚያውቅ ሰው የኪንግስተን ነገር ሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የጉብኝቱ ዋና ነገር ደግሞ ጠርሙሱ ላይ አልነበረም፤ እናት ወለል ላይ ተቀምጣ «ገባ! ወጣ! ትልቁ የታለ?» እያለች የምታወራበት ጊዜ ነበር። ሞግዚቷም፣ አያትም፣ ታላቅ እህትም ይህን ማድረግ ይችላሉ። አባትም ይችላል፤ ዜና ካለቀ በኋላ።

ወደ ሊጥ እንለፍ። ዛሬ በዓለም ሁሉ በትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ፕሌይ-ዶ የተባለው ባለቀለም ሊጥ ለልጆች ተብሎ የተፈጠረ አልነበረም። ሲንሲናቲ ከተማ የነበረው ኩቶል የተባለ የሳሙና ፋብሪካ የግድግዳ ወረቀት ማጽጃ አድርጎ ነው የሠራው። ቤቶች በድንጋይ ከሰል ይሞቁ በነበረበት ዘመን ጥላሸቱ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ሊጡ ላዩ ላይ እየተንከባለለ ያነሳዋል። በኋላ ቤቶች በጋዝ መሞቅ ሲጀምሩና በውሃ የሚታጠብ የግድግዳ ልባስ ሲመጣ ማጽጃው ፈላጊ አጣ። የፋብሪካው ሰው የጆ ማክቪከር ዘመድ የሆነችው የሕፃናት አስተማሪዋ ኬይ ዙፋል ግን ሊጡን ለተማሪዎቿ ሰጥታ ወደዱት፤ ሊከስር የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1956 ዕቃውን ለልጆች መሸጥ ጀመረ።

በቤት ለማዘጋጀት ሁለት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዘይትና አንድ ኩባያ ገደማ ውሃ በቂ ነው። ውሃውን በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ እሹት። እርድ ቢጫ ያደርገዋል፣ የቀይ ሥር ውሃ ሮዝ። ጨው የበዛበት እንዳይበላሽ ነው፤ በፌስታል ተቋጥሮ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ሳምንታት ይቆያል። ያው ጨው ግን ሊጡን ለሚውጥ ልጅ አደገኛ ነው፤ ጥቂት ጉርሻ እንኳ የልጁን የሰውነት ጨው ሊያዛባ ይችላል። ሁሉን ወደ አፉ የሚከት ልጅ ከሆነ ይህ ሊጥ ጥቂት ወራት ይቆየው።

በዚህ ላይ ከአያት ጋር መጋጨት አለ። ፉርኖ ዱቄት በዚህ ዋጋ ለጨዋታ ሲቦካ ያየች እማማ «በእህል አይቀለድም!» ብትል እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። እህል መሬት ላይ ሲወድቅ አንስቶ የሚስም ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ኪሎ ዱቄት ለአሻንጉሊት ማዋል ለልጁም ግራ የሚያጋባ ትምህርት ነው። መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ለዳቦ በሚቦካበት ቀን ከሊጡ የእንቁላል ያህል ቆርሶ መስጠት። ጨው ያልበዛበት ነው፤ ጥሬውን እንዳይበላው ብቻ ይታያል። ልጁ ይጠፈጥፋል፣ ይበሳል፣ ይጎትታል። አምባሻ የሚጋገር ከሆነ ደግሞ እናት ቅርጹን ስታወጣ አጠገቧ ተቀምጦ የራሱን ትንሽ አምባሻ በማንኪያ ጭራ ይወጋል። ዳቦው በስሎ ሲመጣ የእሱ የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ ካላወቀም የተቃጠለው የእሱ ነው። በረንዳ ወይም ግቢ ላለው ጭቃ አለ። በየገጠሩ ከጭቃ በሬና ላም እየሠራ ያላደገ ልጅ ጥቂት ነው፤ ከጨዋታ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠቡ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ውሃ ከሁሉ ረጅም ሰዓት የሚይዝ መጫወቻ ነው፣ ከሁሉም የሚያስፈራ። ሳፋ ላይ ሁለት ጣት ያህል ውሃ፣ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ፣ አንድ ማጣሪያና አንድ ስፖንጅ ሲቀርብለት ልጁ ይቀዳል፣ ይገለብጣል፣ ይጨምቃል። ነገር ግን ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ሕፃን ልጅን ሊያሰጥም ይችላል፤ ጭንቅላቱ ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ ከተደፋ በራሱ አይነሳም። ስልክ ቢጮህ፣ በር ቢንኳኳ፣ ልጁ ታቅፎ ይወሰዳል እንጂ ውሃው ዳር አይተውም። ሲያበቃም ውሃው ወዲያው ይደፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መድፋቱ ያናድዳል፤ የተጫወተበትን አበባ ይጠጣው ወይም ወለል ይወልወልበት። ለፈረቃ ተብሎ የተሞላው በርሜልና ባልዲ ደግሞ ሁልጊዜ ክዳን ይኑረው።

ስዕልን በተመለከተ ሮዳ ኬሎግ የምትባል አሜሪካዊት የመዋዕለ ሕፃናት ሰው ከሚሊዮን በላይ የልጆች ስዕል ሰብስባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመው መጽሐፏ በእነዚያ ጭረቶች ውስጥ ሃያ መሠረታዊ ዓይነቶች ለየች፤ ነጥብ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ አግድም መስመር፣ ጥምዝምዝ፣ ክብ እያለች። ዓመት ተኩል አካባቢ ልጁ ክንዱን በሙሉ እያወዛወዘ ይጭራል። ሁለት ዓመት ሲሆነው መስመር ማውረድ ይችላል፣ ሦስት ሲጠጋ ክቡን ይገጥማል፤ ሰው የሚመስል ነገር የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ልጅ ቤት ወይም አበባ ሳል ማለት ጊዜው ያልደረሰ ጥያቄ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅም ያው ነው፤ ልጁ ነገር አልሳለም፣ እጁ ምልክት እንደሚተው እያየ ነው። ካርቶን ፈታችሁ ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣብቁ፤ ወረቀት ከእጁ ሥር ሲንሸራተት ስለሚበሳጭ ማጣበቁ ከቀለሙ ይበልጣል። ያለፈ ዓመት የግድግዳ መቁጠሪያ ጀርባም ይሆናል። ወፍራም ከለር ስጡት፤ አንድ ወይም ሁለት ብቻ። ከለር ከሌለ እርድ በውሃ ተበጥብጦ በጣት ይቀባል፤ ልብስ ላይ ግን እንደማይለቅ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ያረጀ ቡሩሽ በውሃ ነክሮ የብረት በሩን መቀባት ደግሞ ምንም አያቆሽሽም፤ የተሳለው ደርቆ ስለሚጠፋ በሩ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

የጎረቤት እኩያ ሲመጣ አብረው ይጫወታሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ሚልድረድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመችው ጥናት ትንንሽ ልጆች ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዱ የራሱን እንደሚጫወት አሳይታለች፤ መተባበሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። «አካፍለው» ከማለት ይልቅ ሁለት ጣሳ፣ ሁለት ማንኪያ ማውጣት ጠቡን ይቀንሳል።

ዕቃ ዕቃ የሚባለው ጨዋታ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ይጀምራል፤ ባዶ ስኒ ይጠጣል፣ ጨርቅ ይታዘላል፣ ሳጥን ይነዳል። ግን በዚህ ዕድሜ የውሸቱ ወጥ የእውነቱን ወጥ አያስንቅም። ማሪያ ሞንቴሶሪ ጥር 6 ቀን 1907 እ.ኤ.አ. በሮም ሳን ሎሬንዞ ሰፈር የልጆች ቤቷን ስትከፍት የተዋቡ አሻንጉሊቶችም ተሰጥተው ነበር፤ ልጆቹ ብዙም አልነኳቸውም፤ መጥረግ፣ መታጠብ፣ ዕቃ ማስተካከል መረጡ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ፌሊክስ ቫርነከንና ማይክል ቶማሴሎ የአሥራ ስምንት ወር ልጆች ፊት አንድ ሰው መጽሔት ተሸክሞ የተዘጋ ቁም ሳጥን በር ሲገጭ እንዲያዩ አደረጉ። ብዙዎቹ ልጆች ተነስተው በሩን ከፈቱለት፤ ማንም አልለመናቸውም። ይህ እኛ ቤት ውስጥ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ሽንኩርት የሚያቀብል፣ የአባቱን ጫማ የሚያመጣ፣ «ለእማማ ውሰድላት» ሲባል የሚሮጥ ልጅ ድክ ድክ ማለት ከጀመረ ጀምሮ ይላላካል። የሚያስገርመው ይህን እንደ ጨዋታ አለመቁጠራችን ነው። የታጠበ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን መፈለግ፣ ድንች ከከረጢት ወደ ሳፋ ማውጣት፣ ጎመን መበጠስ የእጅ ሥራ ናቸው። ከሰል፣ ምድጃና የፈላ ውሃ ያለበት ጥግ ብቻ ከዚህ ይለይ፤ ቡና ሲፈላ ልጁ ከረከቦቱ ክንድ የማይደርስበት ቦታ ላይ ይሁን።

ሥራውን ሲጨርስ ከረሜላ መስጠት ይመጣል። ተዉት። እነዚያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሌላ ጥናት በረዱ ቁጥር ዕቃ የተሸለሙ የሃያ ወር ሕፃናት ሽልማቱ ሲቀር ካልተሸለሙት ያነሰ ረዱ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1973 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው የማርክ ሌፐር ጥናትም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር፤ ለስዕላቸው የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው ቀድመው የተነገራቸው ልጆች ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ በቀለሙ የተጫወቱት ከሌሎቹ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ነው። ልጁ ካልሲውን ሲያቀብላችሁ «እሰይ የኔ ጎበዝ» ማለት ይበቃል፣ ከልብ ከሆነ ፈገግታ ብቻም ይበቃል።

የዚህ ሁሉ ዕድሜ አጭር ነው። አምስት ደቂቃ የቆየ ጨዋታ በዚህ ዕድሜ ጥሩ ቆይቷል፤ ለማዘጋጀት ሩብ ሰዓት የወሰደውን ነገር ልጁ በሁለት ደቂቃ ቢተወው አይክፋችሁ፤ ነገ አውጡለት። ስለዚህ ዝግጅቱ አጭር ይሁን፣ ማንሳቱም እንዲሁ። ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ ማንጠፍ ግማሹን ሥራ ያቀላል፤ አራቱን ጫፍ ይዞ መሰብሰብ ነው፤ ልጁም አንዱን ጫፍ ይያዝ። ውሃ የፈሰሰ እንደሆነ ጨርቅ ስጡት። እርጥብ ጨርቅ ከሰጣችሁት ውሃው ይስፋፋል እንጂ አይቀንስም፤ ጨምቃችሁ ስጡት፣ ለራሳችሁም አንድ ያዙ። ሳሙና ወይም ዘይት የነካው ወለል ግን ስለሚያንሸራትት ለእሱ አይተውም፤ እሱን አልጋ ላይ አውጥታችሁ ራሳችሁ ወልውሉት።